አባቴን ሮምን ላስጎበኘችልኝ ባለሙያ እግዜር ይስጥልኝ

አባቴን ሮም ውስጥ ይዛ የዞረችልንን አስጎብኚ በአደባባይ ላመስግናት ብዬ ነው የምጽፈው። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ ማውጣት ደስ አይለኝም። የሚፈልጋት ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የኖረው ግንባታ ላይ ነው። ግንበኛ ሆኖ ጀመረ፣ በፎርማንነት ጡረታ ወጣ። እኔን ሊጠይቅ ጀርመን ሲመጣ «ሮምን ሳላይ አገሬ አልገባም» አለ። ችግሩ፣ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አይናገርም። የቄሣሮች ስም ሲደረደርለት ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። እኔ ከዚህ በፊት ከጓደኞቼ ጋር ኮሎሲየምን በትልቅ ቡድን አይቼዋለሁ። ማዳመጫ ጆሮ ላይ ሰክቶ ባንዲራ የያዘውን ሰውዬ ተከትሎ መሮጥ ነው። አባቴን እንደዚያ ማንገላታት አልፈለግኩም።

ይህችኛዋ በሙያዋ አርኪዮሎጂስት ናት፣ የአስጎብኚነት ፈቃድም አላት። ገና ስንጻጻፍ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባትሽ ሥራቸው ምን ነበር?» ብላ ነው። የምንሄድበትን መስመር ያወጣችው መልሴን ካየች በኋላ ነው።

ፎረም፣ የጥንቷ ሮም ዋና አደባባይ ፍርስራሽ ያለበት ቦታ፣ እንደገባን ከአንድ የጡብ ግድግዳ ፊት አቆመችን። ግድግዳው ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሉ። አፏን ሳትከፍት አባቴ «ይሄማ የመወጣጫው እንጨት የገባበት ነው» አለ። ተረጎምኩላት። ሳቀችና እጁን ጨበጠችው። ከዚያ ወዲያ ወሬው የሁለቱ ሆነ፣ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ።

ጡቡ ልባስ ብቻ መሆኑን አሳየችው። ውስጡ አርማታ ነው፤ ኖራ፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ስብርባሪ ድንጋይ። አመዱ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ውሃ ውስጥ እንኳ ይጠነክራል፤ ሮማውያን ወደብ የገነቡትም በዚሁ ነው። አንዳንዱ ጡብ ላይ የሠሪው ማህተም አለ። አልፎ አልፎ የዓመቱ ቆንስሎች (የሮም ከፍተኛ ሹሞች) ስም ስለሚታተምበት፣ ሕንፃው የቆመበትን ዘመን ከጡቡ ማወቅ ይቻላል። አባቴ «ፌሮስ?» አለ። ፌሮ የለም! ይህን ስትለው ሊያምናት አልቻለም።

እሷም በነጋታው ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ወሰደችን። ጉልላቱ ከዳር እስከ ዳር 43 ሜትር ያልፋል። በቄሣር ሀድሪያን ዘመን፣ በ125 አካባቢ አለቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። እስከ ዛሬ ፌሮ ከሌላቸው የአርማታ ጉልላቶች የሚበልጠው የለም። ብልሃቱ ከታች ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ ሲወጡ እየቀለለ የሚሄድ ድንጋይ መጠቀም ነው። ግርጌው ላይ ውፍረቱ ከ6 ሜትር በላይ ነው፣ አናቱ ጋ ሲደርስ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አናቱ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ይገባል። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ፎቶ ሲያነሳ፣ አባቴ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ወዴት እንደሚያዘነብልና ውሃው በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወርድ ይፈትሽ ነበር። እሷም አብራው ጎንበስ አለች። ሌላ አስጎብኚ ቢሆን ሰዓቱን ያይ ነበር።

የወደድኩላት ሌላው ነገር የሚታወቀውንና የሚባለውን ለይታ መናገሯ ነው። ፎረም ውስጥ የአንቶኒነስና የፋውስቲና ቤተ መቅደስ አለ፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆነ። የነሐስ በሩ ከመሬት ብዙ ከፍ ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ለምን ቢሉ፣ በሩ ሲሠራ ፎረሙ ያለበት ሸለቆ እዚያ ድረስ በአፈርና በፍርስራሽ ተሞልቶ ነበር። አፈሩ ሲጠረግ በሩ እዚያው ላይ ቀረ። ይህ የተረጋገጠ ነው አለችን። አምዶቹ ላይ ያሉትን ጭረቶች ግን «በገመድ ሊጥሏቸው ሲሞክሩ ነው ይባላል» ብላ አለፈችው። በግላዲያተሮች ፍልሚያ አውራ ጣት ወደ ታች ማለት ግደለው ነው የሚለውንም እንዲሁ፤ ምልክቱ በትክክል እንዴት እንደነበር አይታወቅም አለች።

ኦስቲያ አንቲካን ግን አትዝለሏት። ሮም ውስጥ ካለው ፒራሚዴ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። የጥንቷ ሮም የወደብ ከተማ ናት፣ ከኮሎሲየም ጋር ሲወዳደር ሰው የለባትም ማለት ይቻላል። ፎቅ ቤቶቿ ቁርጥ የኛን ኮንዶሚኒየም ናቸው፤ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ላዩ ኪራይ። አንዱ ምግብ ቤት የእብነ በረድ ባንኮኒው እስካሁን አለ፣ ግድግዳው ላይም ምግቡ ተስሏል። ከቲያትሩ ጀርባ ያለው አደባባይ ዙሪያውን የመርከብ ነጋዴዎች ቢሮ ነበር። እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ በሞዛይክ የተሠራ ማስታወቂያ አለው። ዛሬ ሊቢያ ካለችው ከሳብራታ የመጡት የሣሉት ዝሆን ነው።

የአክሱም ሐውልት ሮም ውስጥ ቆሞ የነበረበት ፖርታ ካፔና በፕሮግራሙ አልነበረም። አባቴ «ሐውልታችን የነበረበትን አሳዩኝ» ሲል ሳታቅማማ ወሰደችን። ነገሩን አላለባበሰችም። በ1937 በሙሶሎኒ ትእዛዝ እንደመጣ፣ ጣሊያን ልትመልሰው በ1947ቱ የሰላም ውል እንደፈረመች፣ አክሱም የገባው ግን በ2005 እንደሆነ ቁጭ አድርጋ ተናገረች። የ1960ው ማራቶን በዚያ በኩል አልፎ የቆንስጣንጢኖስ ቅስት ጋ ማለቁን፣ አበበ ቢቂላም በባዶ እግሩ መግባቱን እኛ ሳንነግራት ታውቃለች። አባቴ ቅስቱ ሥር ፎቶ ተነሳ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ።

እንከን የላትም አልልም። ፈጠን ብላ ነው የምትራመደው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቀድሞ ይንገራት። ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ የምትሆን አይመስለኝም። ዋጋዋም ረከስ ያለ አይደለም፤ ለሦስትና ለአራት ሆናችሁ ብትካፈሉት ይሻላል። ኮሎሲየም ዙሪያ «ያለ ሰልፍ እናስገባችኋለን» እያሉ ከሚከተሏችሁ ሰዎች ግን ራቁ። የኮሎሲየም ትኬት በስም ስለሆነ ፓስፖርታችሁን ያዙ። ኦስቲያ ሰኞ ዝግ ናት፣ ጥላም የላትም፣ ስለዚህ በነሐሴ ሙቀት ባትሄዱ ጥሩ ነው። ለፋሲካ ሰሞን የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ ጻፉልኝ፣ በዚያ ወቅት ቀኗ ቶሎ ይያዛል።