ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ፦ ታሪኩን በተጫዋቹ እጅ የሚናገር ጨዋታ

በጎንደር ጌም ቤቶች ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት በመሆኑ፣ ማሽኖቹን ከጠዋት እስከ ማታ የሚይዘው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ምክንያቱ የኳስ ፍቅር ብቻ አይመስለኝም፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው አንድ ግጥሚያ ጨርሰው የተሸነፈው ከፍሎ የሚነሣበት አሠራር፣ ረጅም ታሪክ ላለው ጨዋታ ቦታ አይሰጥም። ከፍሎ የገባ ሰው ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በእንግሊዝኛ የሚነጋገሩ ገጸ ባሕርያትን ሲመለከት ገንዘቡ እንደባከነ ቢቆጥር አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሜታል ጊር ሶሊድ 4 የመዝጊያ ትዕይንቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ጌም ቤት ገብቶ እጨርሳለሁ ማለት ዘበት ነው።

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ጌም ቤት፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ተጭኖ ያገኘሁት ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስ ግን ታሪክ አዋቂ ጨዋታ ሁሉ ወሬኛ መሆን እንደሌለበት ያሳያል። ጨዋታው በጃፓናዊው ፉሚቶ ኡዌዳ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ ሲሆን፣ እኔ የተጫወትሁት ብሉፖይንት የተባለው የጨዋታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ አዲስ የሠራውን ነው። ታሪኩ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ ዋንደር የተባለ ወጣት የሞተች ልጃገረድ በፈረሱ ጭኖ ወደ ተከለከለ ምድር ይመጣል፤ ዶርሚን የተባለ ድምፅም 16 ግዙፍ ፍጡራንን ከገደለ ነፍሷ ሊመለስ እንደሚችል ይነግረዋል። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ለጨዋታው ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ስለሆነ፣ በጆሮ ብቻ የሚከታተል ጎንደሬም አሜሪካዊም እኩል ባዳ ናቸው።

የቀረውን የሚናገረው የተጫዋቹ እጅ ነው። በመንገድ ላይ የሚዋጉት ሌላ ጠላት የለም፤ ሰይፉን ወደ ፀሐይ አንሥቶ የብርሃኑን አቅጣጫ ተከትሎ በፈረስ መጋለብ፣ ከዚያም የፍጡሩን ጠጉር ጨብጦ መውጣት ነው። መያዣውን ቁልፍ ተጭነው በቆዩ ቁጥር የጉልበት ምልክቱ እያነሰ ይሄዳል፤ ፍጡሩ ሲወራጭ ጣት እስኪደነዝዝ ድረስ አለመልቀቅ የግድ ነው። የዋንደር እልህ በቃል ሳይነገር የሚገባው በዚህ ድካም ነው።

ከሁሉም የሚልቀው 13ኛው ፍጡር ነው። በረሃ ላይ የሚበር እጅግ ረጅም ፍጡር ሲሆን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫዋቹን አንድ ጊዜ እንኳ አያጠቃም። ሆዱ ላይ ያሉትን የአየር ከረጢቶች በቀስት ሲወጉበት ዝቅ ይላል፤ ክንፉ አሸዋውን እየሰነጠቀ ሲሄድ በፈረስ ጎን ለጎን ጋልቦ መዝለል ያስፈልጋል። አጠገቤ ሆኖ ተራውን ይጠብቅ የነበረ ልጅ «ጋሼ፣ ይኼ ምን አድርጎ ነው የሚገደለው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አልነበረኝም። ጨዋታው ይህን ጥያቄ በንግግር ቢያቀርበው ኖሮ ልጁ ስልኩን እየነካካ ያልፈው ነበር።

እንከኑም ቀላል አይደለም። ካሜራው በጠባብ ቦታ ሲደርስ ግድግዳ ያሳያል እንጂ ጠላትን አያሳይም። መፍትሔውን ለማግኘት የዘገየን ሰው ዶርሚን ጣልቃ ገብቶ ፍንጭ ይሰጠዋል፤ በራስ የማግኘትን ደስታ ይነጥቃል። ፈረሷ አግሮ ወዲያው አትታዘዝም፤ ብዙዎች እንደ ጉድለት ቢያዩትም እኔ ግን ወድጄዋለሁ፤ በቅሎም ሆነ ፈረስ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ምድሩ ባዶ ነው የሚለውም ወቀሳ አይዋጥልኝም። የፋሲል ግቢን የሚያስረዳ አስጎብኚ አለ፤ የዚህን ጨዋታ ፍርስራሾች ግን ማን እንደሠራቸው የሚነግር ሰው ስለሌለ፣ ተጫዋቹ ራሱ እየገመተ ይጋልባል።

ጨዋታው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ሒሳቡን በሰዓት አስቀድሞ ቢስማማ፣ ማሽኑ ላይም የራሱን ተጠቃሚ ስም ቢያስከፍት ይሻለዋል፤ ያለዚያ የደረሰበትን ሌላ ሰው ሊያጠፋበት ይችላል። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስላለ፣ አንድ ፍጡር እንደወደቀ ሴቭ ማድረግን ማዘግየት አያዋጣም። የሥራ ቀን ጠዋት ምቹ ነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ወረፋው ሁሉ የኳስ ነው።