የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ኤሌክትሪክ ወይስ የድንጋይ ውጥረት?

እ.ኤ.አ. በ1750 ለንደን ስትናወጥ እንግሊዛዊው ሐኪምና ምሁር ዊልያም ስቱክሊ መንስኤው ኤሌክትሪክ ነው አለ። በኤሌክትሪክ የተሞላች ምድር ደመና ሲነካት ትንቀጠቀጣለች ብሎ ነበር። መብረቅ ገና በሚጠናበት ዘመን ሐሳቡ ብልህ ነበር።

አሜሪካዊው የምድር ሳይንስ ሊቅ ሃሪ ሪድ ግን ከ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት ነውጥ በኋላ ልኬት ይዞ መጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው የሳን አንድሪያስ የምድር ስንጥቅ ግራና ቀኝ ያለው መሬት ከነውጡ በፊትም ለዓመታት ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። ድንጋዩ ይለጠጣል፣ ሲያቅተው ይላቀቃል። አጥሮችና መንገዶች በሜትሮች ተፈናቅለው ተገኝተዋል።

እኔ ያለምንም ማመንታት ከሪድ ጋር ነኝ። መብረቅ በየቀኑ ምድርን ይመታል፤ ነውጥ ግን አይከተለውም። ደግሞም የትልቅ ነውጥ ጉልበት ከመብረቅ ጋር ጭራሽ አይወዳደርም።

ያም ሆኖ ኤሌክትሪኩ ተረት አይደለም። በ1960ዎቹ ጃፓን ማትሱሺሮ ላይ በነውጥ ወቅት የታየ ብርሃን ፎቶ ተነስቷል። ኳርትዝ የተባለው ማዕድንም ሲጨመቅ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያወጣል። ይህ ግን የውጥረቱ ውጤት እንጂ ምድርን የሚያናውጠው ኃይል አይደለም።