ዳይኖሰር ለሚወድ ልጅ ብሔራዊ ሙዚየም ይሆናል?

መልሱን ላስቀድም። ይሆናል፤ ግን ዳይኖሰር አይጠብቅ። ክረምት ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከደሴ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የዳይኖሰሮቹን ስም እንደ ኳስ ተጫዋቾች ስም ይደረድረዋል። ሁሌም ደሴ ያለው ጦሳ ተራራ ሥር አጥንት እንቆፍር ይለኛል።

ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት ቁጭ ብለን አወራን። ጦሳና በዙሪያችን ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዳይኖሰሮቹ ያለቁት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ተራራችን ከእነሱ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። በአገራችን የዳይኖሰር ጥርስ የተገኘው ሙገር በሚባለው የድንጋይ ንጣፍ ውስጥ ነው፤ እዚያ ወንዞቹ ላዩን ድንጋይ ቆርጠው የጥንቱን ንጣፍ አውጥተውታል። ይህን ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። "አክስቴ፣ እንግዲያው እኛ ጋ ምን አለ?" አብሽር አልኩት።

ቅሪተ አካላቱ ያሉት ምድር ቤት ነው። ልጅ ከያዛችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ የነገሥታቱ ዕቃ በኋላ ይደርሳል። ድንቅነሽ (ሉሲ) በሁለት መልክ ትታያለች። አንዱ አጥንቷ ብቻ የተደረደረበት ነው፤ ሌላው የጎደለው ተሞልቶ የቆመችበት። የሚታየው ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት ለጥናት ተጠብቆ ተቀምጧል። ይህ ቅር አያሰኛችሁ። ልጃችን አጠገቧ ቆሞ ቁመቱን ሲለካ በለጣት። አዋቂ ሴት ሆና ከ1 ሜትር ብዙም አትረዝምም።

የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። ለእኛ ይሄ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከኮምቦልቻ ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ ስታስቡት፣ ሐዳር ያለው በዚያ ቁልቁል ነው። ያ በረሃ ድሮ ሐይቅና ወንዝ ነበረበት። አጥንቱን ደለል ሸፈነው፤ ዛሬ ዝናብ ሲያጥበው ይወጣል። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ያየ ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል።

እኔን ያስቆመችኝ ግን ሰላም የምትባለው አፅም ናት። የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን። የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ያገኛት በ1993 ዓ.ም.፣ ከሐዳር አዋሽን ተሻግሮ ዲኪካ ላይ ነው። ብዙ ሰው የድንቅነሽ ልጅ ይላታል፤ ዕድሜዋ ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ትቀድማታለች። አፅሟ በጠጣር አሸዋ ድንጋይ ተይዞ ነበር። ዶክተሩ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መቦርቦሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲያነሳ ዓመታት ፈጀበት። ሕፃን ያሳደገ ሰው ያቺን ትንሽ ፊት ቶሎ አያልፋትም። የእህቴም ልጅ ዝም ብሎ በምላሱ ጥርሶቹን ሲነካካ ነበር።

አርዲ የምትባለውን ሌላ ጥንታዊ አፅም እንዳትዘሏት፤ 4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ እሷም የአፋር ናት።

አንድ ምክር ስለ መንገዱ። የተሳፈርንበት መኪና ሌሊት 11 ሰዓት ይነሳል ተብሎ ሰው እስኪሞላ አቆየን። አዲስ አበባ ስንደርስ ሙዚየሙ ተዘግቶ ነበር። በዚያው ቀን እገባለሁ ብላችሁ አትነሱ፤ እደሩና ጠዋት ግቡ። ልጁ ሲደክመው ጥያቄ ያቆማል፤ እዚያ ቤት ደግሞ ጥያቄ ያስፈልጋል።