አዳማ ላላችሁ፦ የአባቴን ሊሾ ሳያፈርሱ ቤታችንን ያዳኑልን ቧንቧ ሠራተኛ

አዳማ ያላችሁ፣ በተለይ ድሮ በተሠራ ቤት ውስጥ የምትኖሩ፣ ይቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ግን አራት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣንን ነገር የገላገሉንን ሰው በሁለት መስመር አመስግኜ ማለፍ አልቻልኩም።

ቤታችንን አባቴ የሠራው በ1963 ዓ.ም ነው። ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ከደሞዙ እየቆጠበ፣ ክፍል በክፍል ነው ያቆመው። የሳሎኑ ወለል ቀይ ሊሾ ነው። እናቴ እንደምትነግረኝ ሊሾውን ሌላ ሰው አላስነካም፤ ራሱ ተንበርክኮ፣ አንድ ቀን ሙሉ እያሸ ነው ያለሰለሰው። ዛሬም ሰም ሲቀባ ፊት ያሳያል። እናቴ አሁን 81 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ በባዶ እግሯ ሳሎን ድረስ ትሄዳለች፤ "ያባትሽ ወለል እግሬን ያቀዘቅዝልኛል" ትላለች። የአዳማን ሙቀት የምታውቁ ይገባችኋል።

ችግሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ጠዋት ቧንቧ ስንከፍት ውሃው ሻይ መስሎ ይወርዳል። ትንሽ ሲፈስ ይጠራል። ነጭ ልብስ ማጠብ አቆምን። ቀጥሎ ሻወሩ ክር አከለ። ከዚያ ደግሞ ሂሳቡ መጣ። በወር 300 ብር አካባቢ እንከፍል የነበርነው ሰዎች 700፣ ከዚያ 1,400፣ ከዚያ 2,600 ብር መጣብን። ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ሰው ነን። ውሃ በበዛ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም ስለሚጨምር ሂሳቡ እየዘለለ ነው የሚሄደው።

መጀመሪያ ነገሩን የነገረኝ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። "እትዬ፣ እስቲ ቧንቧውን ሁሉ ዝጊው" አለኝ። ዘጋሁ። ቆጣሪው መስታወት ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጎማ መሳይ ነገር አሳየኝ። ትዞራለች። ቀስ ብላ፣ ግን ትዞራለች። "ውስጥ የሚያፈስ አላችሁ" አለኝ። እናንተም ውሃ በመጣ ሰዓት ሁሉንም ዘግታችሁ እዩዋት። ምንም ወጪ የለውም።

እንግዲህ ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ወጣሁ። መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መጣ፣ አየ፣ "ቀላል ናት" አለ። ለዕቃ መግዣ ብሎ 4,000 ብር ቀብድ ወሰደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኩ አይነሳም። ሳምንት ጠበቅኩ። በሌላ ሰው ስልክ ስደውል አነሳ፤ ድምፄን ሲሰማ ዘጋው።

ሁለተኛው የሻወር ቤቱን ግድግዳ ሰበረ። ምንም የለም። ሌላ ቦታ ሰበረ። እዚያም የለም። ከዚያ ሂሳብ ጠየቀ። ፍርስራሹ መሃል ቤት ተቆልሏል፣ አቧራው እናቴ አልጋ ድረስ ገብቷል። እናቴ "ልጄ፣ ቢያንስ ድንጋዩን አንሳልን" ስትለው "ያ የኔ ሥራ አይደለም" ብሏት ወጣ። በዚህ ዕድሜዋ ለምናው ነው እንዲህ የመለሰላት። እሱን ቀን እያለቀስኩ ነው የጠረግኩት።

ሦስተኛው "ግፊት ነው ያነሳችሁ፣ ሞተር ግዙ" አለን። ስለ ቀለሙ ስጠይቀው "ይሄ የአዋሽ ውሃ ነው፣ ይደፈርሳል" አለኝ። አመንኩት። ሞተር 14,000 ብር ገዛሁ። ሮቶው ላይ ገጠመልን። ሻወሩ ሁለት ቀን ጥሩ ሆነ። በሦስተኛው ቀን የማዕድ ቤቱ ግድግዳ ከሥሩ መርጠብ ጀመረ፣ ቀለሙ ተላጠ። ስደውልለት "ቤቱ አርጅቷል፣ እኔ ምን ላድርግ" አለኝ።

አራተኛው ግን የባሰው ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና ወለሉ በሙሉ መፍረስ አለበት አለ። ሳሎኑም፣ ኮሪደሩም፣ ማዕድ ቤቱም። ከመቶ ሺህ ብር በላይ ጠራልኝ። እናቴ ሰማች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ከሰዓት በሙሉ ወለሉን እያየች ተቀመጠች። ማታ ላይ "እኔ ስሞት አፍርሱት" አለችኝ።

የማንንም ስም አልጠራም። የማንንም እንጀራ መዝጋት አልፈልግም። ግን ሁለት ሴቶች ብቻ በር ሲከፍቱላቸው የሚናገሩት ነገር ይለወጣል፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጽፈው።

እኚህን ሰው ያገኘሁት በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ "ሥራ ከበዛብኝ ሰው አስቀይማለሁ" ነው ያሉት። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እጽፋለሁ። የፈለገ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እሰጣለሁ።

ስደውልላቸው ችግሩን ነገርኳቸው። ዋጋ አልጠሩም። "ውሃ የሚመጣላችሁ መቼ ነው?" አሉኝ። ከአራቱ አንዱም ይህን አልጠየቀኝም። "ማክሰኞና ዓርብ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ" አልኳቸው። "እንግዲያው ዓርብ 5 ሰዓት ላይ እመጣለሁ።" ማታ መሆኑ ገርሞኝ ዝም ስል "ውሃ የሌለው ቧንቧ ምንም አይነግረኝም ልጄ" አሉኝ።

መጡም። በባጃጅ፣ ከወንድማቸው ልጅ ጋር። ልጁ ቴክኒክና ሙያ የተማረ ነው። ጋሼ አንድ ያረጀ ቦርሳና ሁለት ክንድ የሚያህል ቀጭን ብረት ይዘዋል። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ልጁም አወለቀ። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብለው "እንደምን አመሹ እናቴ፤ ቤትዎን ላዳምጥ መጥቻለሁ፣ ይፈቅዱልኛል?" አሏት። ከዚያ በፊት የመጡት ሁሉ እሷን አልፈው ነበር የሚገቡት።

ፍሪጁን አስጠፉን። የሚሮጥ ውሃ እንዳይኖር ቧንቧውን ሁሉ አስዘጉን። ከዚያ ሊሾው ላይ ተንበረከኩ። የብረቱን አንድ ጫፍ ወለሉ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላሉ፣ እንደገና ይንበረከካሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሳሎኑን አካለሉት። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ እጃቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። ማናችንም አልተናገርንም። የማዕድ ቤቱ ደፍ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና መጡ። ከዚያ "ነይ፣ ስሚው" አሉኝ።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሊጥ የጋለ ምጣድ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ ታውቃላችሁ? እሱን ከሩቅ እንደመስማት ነው። ሽሽሽ ይላል። ስንት ወር ያንገላታን ነገር በብረቱ ውስጥ ጆሮዬ ላይ መጣ። እናቴም ልስማ አለች። ደግፈዋት አስቀመጧት፣ ብረቱን ራሳቸው ያዙላት። "ሰማሁት" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ያን ሌሊት አልቆፈሩም። "ጎረቤት ይተኛበት" አሉ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ውሃውን ከቆጣሪው ሥር ዘግተው ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ተመልሰው ሳሎኑን በላስቲክ ሸፈኑ። የቆረጡት ወለል ርዝመቱ ሁለት ስንዝር፣ ስፋቱ አንድ ስንዝር ነው። አልቀነስኩም። ሌላው ሰውዬ ወለሉን በሙሉ ላፍርስ ያለበት ነገር ሁለት ስንዝር ነበር!

ከሥሩ አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ለምን ወደ ላይ እንዳልወጣ ስጠይቃቸው "የዚህ አገር አፈር ውሃ ይጠጣል" አሉኝ። ቧንቧው የታጠፈበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። የተበላሸውን ቁራጭ ቆርጠው አወጡና ውስጡን አሳዩኝ። የብረቱ ቧንቧ ውስጡ በዝገት ተሞልቶ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ብቻ ቀርታዋለች። እንደ ነገሩኝ ድሮ የሚቀበረው ቧንቧ ብረት ሆኖ በዚንክ የተለበጠ ነው። ልባጩ በዓመታት ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ሻወሩ ክር ያከለው ለዚህ ነው። ሌሊት ቧንቧው ውስጥ ሲያድር ዝገት የነካው ውሃ ነው ጠዋት ሻይ መስሎ የሚወርደው። ሞተሩ ደግሞ የሳሳውን ብረት ገፍቶ ቀዳዳውን አሰፋው። አዋሽ ላይ ማሳበቡም ትክክል አይደለም። ወንዙ ቢደፈርስ ጎረቤቱም ሁሉ ይደፈርስበታል፤ ያንተ ቤት ብቻ፣ ያውም ጠዋት ብቻ ከሆነ ከራስህ ቧንቧ ነው አሉኝ። ይቺን ያዙልኝ።

አገጣጠሙን እኔ አላውቀውም። የፕላስቲክ ቱቦውን እያጋሉ አያያዙት፣ ከብረቱ ጋር ያገናኙበትን ነገር ስሙን ነግረውኝ ነበር፣ ረሳሁት። የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። ጉድጓዱን አልደፈኑትም። "ማክሰኞ ውሃው ይምጣና ይፈተን" አሉ። መጋጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፉ። ማክሰኞ ሌሊቱን ውሃው መጣ። ረቡዕ ጠዋት ሳየው ሶፍቱ እንደተነጠፈ ነው፣ አንድ ነጠብጣብ የለበትም። ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው።

አሁን የምነግራችሁ ነው ከሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ። ሊሾውን በግራጫ ሲሚንቶ ደፍነው ቢሄዱ እኔ ምንም አልላቸውም ነበር፤ ውሃው ቆሟል። እሳቸው ግን ቀይ የሲሚንቶ ቀለም ገዝተው መጡ። በሦስት ዓይነት መጠን በጠበጡት፣ አንዱን ቀላ፣ አንዱን ጠቆር፣ አንዱን መካከለኛ አድርገው። ሦስቱንም የሴራሚክ ስባሪ ላይ ቀቡና እናቴ ፊት አስቀመጡ። "ሲደርቅ መልኩ ይለወጣል። አሁን አይምረጡ። ነገ ወለሉ ላይ አስጠግተው ይዩትና ይነግሩኛል" አሏት። እናቴ በማግስቱ ስባሪዎቹን ይዛ ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላ፣ መስኮቱን አስከፍታ፣ ጠቆር ያለውን መረጠች። በእሱ ሠሩት። ተንበርክከው፣ እያሹ፣ ልክ እንደ አባቴ። ከቅርብ ካላያችሁት ቦታው አይለይም።

ጠቅላላ ሂሳቡ ዕቃውን ጨምሮ 5,500 ብር ነው። የሌሊቱን ስጠይቃቸው "እሱ ማዳመጥ ነው፣ ሥራ አይደለም" አሉኝ። ጨምሬ ልሰጣቸው ብሞክር አልተቀበሉም። እናቴ ቡና አፍልታ እስከ ሦስተኛው አስቀመጠቻቸው፣ መርቃም አልጠገበች። አባቴ ይሠራበት ስለነበረው የናዝሬት ጣቢያ አወሩ። እናቴ ዛሬም ናዝሬት ነው የምትለው። ጋሼ በልጅነታቸው ባቡር ሲመጣ ከጣቢያው ብርቱካን ይሸጡ ነበር። አባቴን አይተውት ይሆናል እያለች ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ሰነበተች።

ልጁም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። የማዕድ ቤቱ ቧንቧ ሁልጊዜ ጠብ ጠብ ይላል፤ ለምደነዋል። ልጁ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሥሩ አስቀመጠ። በአንድ ሰዓት ሞላ። "በቀን 48 ሊትር ነው፣ ከሁለት ጀሪካን በላይ" አለኝ። ደነገጥኩ። ውስጡ ያለችውን ትንሽ ጎማ ቀየረ፣ አለቀ።

እውነቱን መናገራቸውንም ልንገራችሁ። "ሁሉ ነገር አለቀ አልልሽም። የቀረውም ቧንቧ ዕድሜ ጠገብ ነው። አንድ ቀን ሌላ ቦታ ይበሳል። ገንዘብ ስታገኚ በወለል ሥር ያለውን ተይውና አዲስ መስመር በውጭ ግድግዳ አዘርጊ። ያኔ ሊሾው አይነካም። የግድ እኔ መሆን የለብኝም" አሉኝ። ሞተሩንም ሽጪው አሉኝ። ሌላ ሥራ ለማግኘት ሊያስፈራሩኝ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም።

የዚህ ወር ሂሳብ 310 ብር ነው የመጣው። ደረሰኙን ለእናቴ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት።

ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ያረጀ ከሆነ፣ ሂሳብ ከናረባችሁ፣ ግድግዳ ከረጠበባችሁ፣ አፍርሱ የሚላችሁን ሰው ከመስማታችሁ በፊት እኚህን ሰው ጥሩ። ደግሜ እላለሁ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ጥሩ። ወላጆቻችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነማ በጭፍን ላኳቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ አስፈቅደው የሚገቡ ሰው ናቸው። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፣ እናቴ በየቀኑ ስምዎን እየጠራች ነው። እኔም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። ልጁንም ያሳድግልዎ።

ስልካቸውን ለምትፈልጉ ጻፉልኝ። ሥራ ላይ ሲሆኑ አያነሱም፣ መልሰው ግን ይደውላሉ። እሁድ አይሠሩም። ደግሞ ከመደወላችሁ በፊት ውሃ የሚመጣላችሁን ቀንና ሰዓት አጣሩ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።