ብርሃን የሚያበራው ቆብና የአባቴ ንግግር፦ ከአምስት ሦስት ኮከብ

አባቴን ላሳከምኩበት ክሊኒክ ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻለሁ፤ ሦስቱም የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ድርሻ ናቸው። ሰዎች እየደወሉ የሚጠይቁኝ ግን ስለ እሷ ሳይሆን አባቴ ራስ ላይ ስለሚደፋው ብርሃን የሚያበራ ቆብ ስለሆነ፣ ያየሁትን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ቅሬታዬ በሽያጭ ክፍሉ ላይ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ቤት ደግሞ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ አንድ ብቻ አይደለም።

አባቴ በወጣትነቱ ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ስትሮኩ የግራ አንጎሉን መታና ንግግሩን ወሰደው። የሚባለው ይገባዋል፣ ሊል የፈለገውንም ያውቃል፤ ቃሉ ግን አይወጣለትም፣ ወይም "ማንኪያ" ሊል ፈልጎ "ቁልፍ" ይላል። ሐኪሞቹ አፌዥያ ይሉታል። መዋጥም አብሮ ተበላሸ፤ ውሃ በተጎነጨ ቁጥር ትን ይለው ስለነበር የሚጠጣው ሁሉ በማወፈሪያ ዱቄት እንዲወፍር ታዘዘ፣ ቡናም ጭምር። ወፍራሙን ቡና ገና እንደቀመሰው ስኒውን ገፋና "አጥሚት!" አለ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንደዚያ ጥርት ብሎ የወጣለት ቃል አልነበረም።

ወደ ቆቡ ልምጣ። ውስጡ በትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች የተሞላ ነው። ብርሃኑ በዓይን የማይታይ፣ ከቀይ ቀጥሎ የሚገኝ ኢንፍራሬድ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 810 ናኖ ሜትር ሲሆን በሰከንድ 40 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ታካሚው መከላከያ መነጽር አድርጎ ይቀመጣል፤ ለብ ከማለት በቀር የሚሰማው ነገር የለም። አባቴ እንዲያውም ያንቀላፋ ነበር። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። በሕዋስ ውስጥ ኃይል በሚመረትበት ሚቶኮንድሪያ ላይ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱ ብርሃኑን ሲቀበል ሕዋሱ የበለጠ ኃይል ያመርታል፣ የደም ፍሰትም ይሻሻላል ነው የሚባለው። የዚህ ሁሉ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1967 ቡዳፔስት ውስጥ ኤንድሬ ሜስተር የተባለ ሐኪም ያየው ነገር ነው፤ ፀጉራቸውን የላጫቸው አይጦች ደካማ ሌዘር ሲበራባቸው ፀጉሩ ቶሎ አደገ።

ከአይጥ ቆዳ እስከ አባቴ አንጎል ግን መንገዱ ሩቅ ነው። የክሊኒኩ በራሪ ወረቀት ብርሃኑ በስትሮክ ታካሚዎች ላይ መፈተኑን በደማቅ ፊደል ይናገራል። እውነት ነው፣ ተፈትኗል። ምን እንደተገኘ ግን አይናገርም። ኔስት በሚባሉት ሦስት ተከታታይ ጥናቶች፣ ስትሮክ በመታቸው ሰዎች ራስ ላይ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሌዘር ተበርቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውና 120 ሰዎችን የያዘው የመጀመሪያው ተስፋ ሰጠ፤ 660 ሰዎች የተካፈሉበት ሁለተኛው ዋና ግቡን ሳይመታ ቀረ፤ ሦስተኛው ጥቅም እንደማያሳይ ስለታመነ ከመሐል ተቋረጠ። ለቆየ አፌዥያ ደግሞ ቦስተን ውስጥ ማርጋሬት ኔዘር የተባሉ ተመራማሪ የሠሯቸው ጥናቶች አሉ። ያበረታታሉ፤ ነገር ግን የተካፈሉባቸው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም የንግግር ወይም የመዋጥ ችግር ማከሚያ ብሎ የፈቀደው የብርሃን ቆብ የለም። ይህን ለሽያጭ ሠራተኛው ብነግረው "ብዙ ቤተሰቦች ደስተኞች ናቸው" ብሎ የክፍያ ቅጹን አስጠጋልኝ።

እኛን በተለይ የሚመለከተን ነገር አለ፤ ማንም አንሥቶ አልነገረኝም። ጥቁር ፀጉርም የቆዳ ሜላኒንም ብርሃን ይውጣሉ። ከቆቡ ከሚወጣው ብርሃን የራስ ቆዳንና የራስ ቅልን አልፎ አንጎል የሚደርሰው በደህናው ጊዜም ጥቂት ነው። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁር ቆዳ ላይ ሊሳሳት እንደሚችል በኮቪድ ዘመን ስንት ተባለ! እሱም የሚሠራው በቀይና በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። ቴክኒሻኑ ቆቡን በአባቴ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላይ ሊደፋው ሲል "ፀጉሩ ተከፍሎ ቆዳው አይገለጥም ወይ?" አልኩት። ችግር የለውም አለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አስላጭቼ አመጣሁት። ሹሩባ የተሠራች እናት ያለቻችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ላመስግናቸው የሚገባም አለ፦ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር አስቀድመው ጠይቀዋል፤ ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ስላሉ። የሚጥል በሽታ ኖሮበት እንደሆነም ጠይቀዋል።

አሁን ስለ ባለሙያዋ። አሜሪካዊት ናት፣ አማርኛ አታውቅም። መጀመሪያ የሥዕል ካርዶች ታሳየው ነበር፤ በበረዶ የተሠራ ሰው፣ የሜፕል ቅጠል። አባቴ በደህናውም ቀን ስማቸውን የማያውቃቸው ነገሮች! ይህን ስነግራት ካርዶቹን ሰብስባ "በቃሉ የሚያውቀው ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ። የአሰብን መንገድ ነገርኳት። ከተሞቹን በላቲን ፊደል ጽፋ መጣች። በተርታ የተሸመደደ ነገር እንዲህ ካለው ጉዳት ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍም አስረዳችኝ።

እሷ "ዴብሬ ቢርሃን" ስትል አባቴ በአጠራሯ ፊቱን ኮሶ አስመስሎ "ደብረ ብርሃን" ብሎ አረመና ቀጠለ፦ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ። ጣርማበር ዋሻ ላይ ሲደርስ ደህነኛው ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ መሪ ማዞር ይጀምራል። ከዚያ እሷ ሰንሰለቱን መበጠስ ያዘች። ከኮምቦልቻ በኋላ? "ባቲ።" ባቲ ምን አለ? ብዙ ቆየ። ልረዳው አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። "ገበያ" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ሰኞ" አለ። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው።

የብርሃኑ ሥራ ነው? እሷን ጠየቅኋት። ልምምዱን ቆቡ እንደወለቀ የምታሠራው ከጠቀመ አብሮ እንዲጠቅም መሆኑን፣ የትኛው እንደሠራ ግን መለየት እንደማትችል ነገረችኝ፤ ከስትሮኩ በኋላ ባሉት በእነዚህ ወራት አንጎል በራሱም እንደሚያገግም ጨመረችልኝ። ቆቡ ለጥገና በሄደ ጊዜም አባቴ ባቲን አልረሳም።

በራሪ ወረቀቱ ብርሃኑ ለመዋጥም ይረዳል ይላል፤ እሱን እርሱት። ምግብ ወይም ውሃ ምንም ሳያስል ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፣ ባለሙያዋ ባሪየም እያዋጡ በራጅ የሚያዩበት ምርመራ ሳይደረግ ማወፈሪያውን በምንም ልመና አላስቀነሰችም። የምላስ ማጠንከሪያ ልምምድና አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ አስተማረችው። ከምርመራው በኋላ ቀጭን ቡና በትንሽ በትንሹ ተፈቀደለት።

ኢንሹራንሳችን ለንግግር ሕክምናው ከፍሏል፤ ለብርሃኑ አምስት ሳንቲም አልከፈለም። ክሊኒኩ ደግሞ ብርሃኑን በጥቅል፣ ቅድሚያ አስከፍሎ ነው የሚሸጠው፤ ያልተጠቀምንበትንም አልመለሰልንም። ሁለቱ የጎደሉ ኮከቦች ለዚህ ናቸው። ጥቅሉን አላሳደስንም፤ ገንዘቡን ከባለሙያዋ ጋር ለተጨማሪ ሰዓት አዋልነው። ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የማወፈሪያውን ዱቄት ለብ ባለ ቡና ላይ ቀስ እያላችሁ በትኑት፤ አለበለዚያ ይጓጉላል።