ሰማያዊ ካርድ ወይስ የዕድል ካርድ፦ ወደ ጀርመን የሚወስዱ ሁለት የሥራ ቪዛዎች

የአውሮፓ ኅብረት ሰማያዊ ካርድ ቢያንስ ለ6 ወር የሚዘልቅ የሥራ ውልና በየዓመቱ የሚከለስ ዝቅተኛ የደመወዝ መጠን ይጠይቃል። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዕድል ካርድ በአንጻሩ ቀጣሪ ሳይኖር ገብቶ እስከ 1 ዓመት ሥራ ለመፈለግ ያስችላል። የትምህርት ማስረጃው በጀርመን ሙሉ ዕውቅና ያላገኘለት አመልካች ግን በልምድ፣ በቋንቋ፣ በዕድሜና በመሳሰሉት ቢያንስ 6 ነጥብ ማሟላት አለበት።

የዕድል ካርድ በር ሰፊ ይመስላል፤ ክብደቱ ያለው ኪስ ላይ ነው። ባለካርዱ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ቢፈቀድለትም፣ የመተዳደሪያ ገንዘብ እንዳለው አስቀድሞ ማሳየት ይኖርበታል፤ ብዙዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዝግ የባንክ ሂሳብ ደግሞ ገንዘቡን በየወሩ እየቆነጠረ እንጂ በአንዴ አይለቅም።

ቤተሰብ ላለው ሰው ሰማያዊ ካርዱ ያለ ጥርጥር ይሻላል፤ የትዳር ጓደኛ የጀርመንኛ ፈተና ሳይጠየቅ መምጣትና መሥራት ይችላል፣ ባለካርዱም ሌሎች መስፈርቶችን ካሟላ በ27 ወር፣ ጀርመንኛው ቢ1 ከተባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ከደረሰ በ21 ወር ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል። ስለዚህ ውል የማግኘት ተስፋ ያለው ሰው ጥቂት ወራት ቢታገሥ ይመረጣል። በሁለቱም መንገድ የዲግሪውን ዕውቅና አናቢን በተባለው የመረጃ ቋት ማጣራት ከቪዛ ቀጠሮ በፊት መቅደም አለበት።