የፍሳሽ መስመር ቅጥያ አገልግሎት፦ ከቱሉ ዲምቱ የተሰጠ አስተያየት
በአዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ሰፈር ቤት ሠርተን የምንኖር ጎረቤታሞች ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር እንድንገናኝ ካመለከትን ሁለት ዓመት ያለፈን ሲሆን፣ እስካሁን ያገኘነው ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ደብዳቤዎችን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቢሮ የቦታ ካርታ ጠየቀን፤ ካርታውን ስናቀርብ መንገዱን ለመቆፈር የሌላ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ተነገረን፤ ያም መሥሪያ ቤት በበኩሉ ንድፉ አስቀድሞ ካልጸደቀ ፈቃድ እንደማይሰጥ ገልጾ ወደ መጀመሪያው መለሰን። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ተስፋፍቶ የተገነባው የቃሊቲ ማጣሪያ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም መስመሩ ካልደረሰን ማጣሪያው ለእኛ ምን ይፈይዳል?

እስከዚያው ጉድጓዳችንን በመምጠጫ መኪና እናስመጥጣለን። መኪናው ወረፋው ቢረዝምም ይመጣል፣ ሥራውንም በንጽሕና ይሠራል፤ በክረምት ግን ጭቃው ስለማያስገባው ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ቦዩ ይፈስሳል (ያን ሰሞን መስኮት መክፈት አይታሰብም)። ለመምጠጫው አገልግሎት ከአምስት ሦስት፣ ለመስመር ቅጥያው አንድ ሰጥቻለሁ፤ አንዱንም ያገኘው፣ ፋይላችንን በሄድን ቁጥር ሳትሰለች ፈልጋ በምታወጣልን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ምክንያት ነው።